የወለተ ኪዳን ለቅሶ

«ሴቶቹ ሁለት ነበሩ» አሉ አባቷ። «ትልቋን እግዜር ወሰዳት። የቀረችኝ ይችው ትርሲት ናት።»

አልጣሽ ይህን የሰማችው ጓዳ ሆና ነው። ጓዳውን ከእልፍኙ የሚለየው ግድግዳ ጭቃው ከላይ እስከ ታች ስለ ተሰነጠቀ ድምፅ አይከለክልም፤ አንዳንድ ቦታማ ጣት ያሳልፋል። እሷ በጠላው ጋንና ገና ባልተፈለፈለው የዘንድሮ ሩዝ ጆንያ መካከል፣ ግራ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው ልጅ የሚወራ መሰላት። የራሱን መሞት የሰማ ሰው ወዲያው አይገባውም። የገባት እንግዶቹ እኩል «ነፍስ ይማር» ሲሉና እናቷ ደብሬ ትሪው ላይ ያስቀመጠችው ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ነው።

«አልሰማንም ነበር፤ አይቀየሙን መሪጌታ» አሉ መምሬ ገብረማርያም። ከይፋግ የመጡት የሽማግሌዎች አለቃ እሳቸው ናቸው፤ የእኅታቸውን ልጅ ዲያቆን በእውቀቱን ለትርሲት ሊያጩ። «አንዷ ልጅዎ ታማ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳለች የሚል ወሬ ብቻ ነው የደረሰን። እሱን ነበር የጠየቅን።»

«እዚያው ነው» አሉ አባቷ።

«መቼ?»

«ቆየት ብሏል።»

መምሬ ገብረማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስመ ክርስትናዋ ማን ነበር?» አሉ።

የሞተ ሰው ሲነሣ ቄስ ይህን መጠየቁ የታወቀ ነው፤ ያለ ክርስትና ስም ለነፍስ አይጸለይም። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤልም በዚሁ በወረታ ስንቱ ለቅሶ ቤት ገብተው ይህንኑ ጠይቀዋል። አሁን ግን ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። አልጣሽ በስንጥቁ ብታይ ጀርባቸውንና የነጭ ጥምጥማቸውን ኋላ ብቻ አየች። ጥምጥሙ አልተንቀሳቀሰም። ሞታለች ማለት ከአፍ ያመለጠ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ተሳስቼ ነው፣ ደንግጬ ነው ብሎ መመለስ ይቻላል። የክርስትና ስምን አውጥቶ መስጠት ግን ሌላ ነው። ያ ስም ለገበያም ለጎረቤትም አይደለም፤ ሰው በአምላኩ ፊት የሚጠራበት ነው። አልጣሽ አባቷን ታውቃቸዋለች፤ ይህን ስም አይሰጡም ብላ አሰበች።

«ወለተ ኪዳን» አሉ አባቷ።

እንግዶቹ ተነሡ፤ ወንበሮቹ ሲንቋቁ ተሰማ። መምሬ ገብረማርያም የወለተ ኪዳንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን ብለው ለመኑ፤ አባታችን ሆይ ተደገመ። ከሁሉም ድምፅ ያባቷ ድምፅ ያምር ነበር፤ ሁልጊዜም ያምራል። አልጣሽ እንዴት እንደ ሆነ ሳታውቀው እሷም ቆማለች። በዚህ ቤት ጸሎት ሲደረስ ቁጭ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። በአንድ እግሯ ቆማ፣ ጆንያውን ተደግፋ፣ ለገዛ ነፍሷ ድምፅ በሌለው ከንፈር አሜን አለች።

የመጣችው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው፤ ሽማግሌ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር። ከመስቀል ወዲህ ወንዛዬ ነው የከረመችው። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ያለው ቁስል ሩዝ ስታጭድ ማጭድ ጫር ያደረጋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልደርቅ ብሎ ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ። ቁስሉ መዳፍ ያህላል። ዙሪያውን ያለው ቆዳ ጠቁሮ፣ ደርቆና ተወጥሮ እንደ ተፋቀ ቁርበት ያብለጨልጫል፤ ብትጫነው ወደ ውስጥ አይልም። ዓይኗማ ከልጅነቷ ጀምሮ ብጫ ነው። ያኔ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል ተቀጥቅጦ ጠጥታለች፤ የግራ ጎኗ ሲያብጥ ወባ ነው ተብሎ ክኒን ውጣለች፤ ፎገራ ላይ ወባ ያልያዘው ሰው ስለሌለ ማንም አልገረመውም። ቁስሉ ሲከርም ግን ቤቱ ዝም አለ። ሁሉም አንድ ስም አሰበ፤ ማንም አልጠራውም። የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻ ተቀመጠ። እናቷ አጥባ ከሌላው ጋር ስትቀላቅለው፣ አባቷ ሳይናገሩ አውጥተው መልሰው ለብቻ ያስቀምጡታል።

ወንዛዬ በየቀኑ እግሯን ፍል ውኃው ውስጥ ስትዘፈዝፍ ቁስሉ ሟሙቶ ሰፋ። አጠገቧ ትታጠብ የነበረች አንዲት የደራ ሴት «አንች ልጅ፣ እዚህ ተቀቅለሽ ልትበስይ ነው፤ ለሐኪም አሳይው እንጂ» ብላ ስትቆጣት፣ የስንቋን ሩዝ ሸጣ ባሕር ዳር ሄደች። ሐኪሟ ከሷ የምታንስ ሴት ናት። እግሯን በእጇ ይዛ አገላበጠችው፤ አልጣሽን ከሁሉ ነገር የገረማት ይህ ነው፤ ሰው እግሯን ከነካው ስንት ጊዜው። ደሟ ተቀድቶ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ «የሥጋ ደዌ አይደለም» አለቻት። አልጣሽ ደግማ አስባለቻት፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጊዜ አስባለቻት። የደሟ ፍሬ ሲፈጠር ቅርጹ ልክ ስላልሆነ ጣፊያዋ ውስጥ ሲያልፍ ይሰበራል፤ የተሰበረው ደም ነው ዓይኗን ብጫ የሚያደርገው፤ እግሯም ደም ስላነሰው ነው ቆዳው የጠቆረው፣ ቁስሉም ያልደረቀው። አልጣሽ ሲገባት የሩዝ መፈልፈያውን አሰበች፤ አንዳንዱ ፍሬ መፈልፈያው ውስጥ ገብቶ ስባሪ ሆኖ ይወጣል፤ ጥፋቱ የፍሬው አይደለም፣ ግን በርካሽ ይሸጣል። ጣፊያዋ በቀዶ ጥገና ከወጣ ደሟ መሰበሩን ይቀንሳል፣ ቁስሉም የመድረቅ ተስፋ አለው። ለዚህ ደም የሚለግስና አጠገቧ የሚያድር ቤተሰብ ይዛ መምጣት አለባት። «ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ ነው፤ እኅት ወንድም ካለሽም ይመርመሩ» ብላ ሸኘቻት።

መንገዱን ሁሉ የምሥራች ይዛ የምትመጣ መስሏት ነበር። ቤት ገብታ «አይደለም፤ ያ በሽታ አይደለም» ስትል እናቷ መሬት ስማ ተነሣች። አባቷም ደስታ ፊታቸው ላይ ሊመጣ ሲል «ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ። «የደም ነው አባየ፤ በዘር የሚመጣ» አለቻቸው። ደስታው እፊታቸው ደርሶ ተመለሰ። ነገ የሚመጡት ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ስለ ቁስል አይደለም፤ ስለ ዘር ነው። ሰባት ቤት ቆጥረው፣ አጥንት አጥርተው፣ በዘራችሁ ምን አለ ብለው ነው የሚጠይቁ። ሲፈሩት የኖሩት በሽታ ቢሆን ከውጭ መጣ፣ ከሰው ያዛት፣ ዛሬ መድኃኒት አለው ይባላል። ይኸኛው ግን እውነቱ ራሱ ነው የሚያሳፍረው። «ነገ እስኪሄዱ ጓዳ ትሆኛለሽ» ብቻ አሉ አባቷ። አክስቷ ቤት ናት ሊባል ነበር የታሰበው። ሞት በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

አሁን እልፍኙ ወደ ጨዋታ ተመልሷል። ጸሎት ከተደረሰ ወዲያ ሰው ይቀለዋል። ቆጠራው አልቆ፣ ዝምድና እንደሌለ ታውቆ፣ አባቷም በዘሬ በሽታ የለም ብለው በመምሬ ገብረማርያም መስቀል ምለው፣ ምሳ ቀርቧል። አቶ የሻው የሚባለው ሽማግሌ ቀልደኛ ነው፤ ዘርፉ ያለቀ ጋቢ ለብሶ ከሁሉም በላይ ይበላል። «መሪጌታ፣ የወረታ እንጀራ እኮ አታላይ ነው። ንጣቱን አይቸ ማኛ ጤፍ መስሎኝ ጠግቤ ተነሣሁ፤ ይፋግ ሳልደርስ ራበኝ። ለካ ሩዝ ኖሯል የደፋችሁበት።» ሁሉም ሳቀ። «ሙሽራይቱም እንደ እንጀራችሁ አታላይ እንዳትሆንብን።» አሁንም ተሳቀ፤ ከሁሉም ዘግይቶ ያባቷ ሳቅ መጣ። አልጣሽ ፊቷን ወደ ስንጥቁ አስጠጋች። አባቷ ዞር ብለው ተቀምጠዋል፤ ለእንግዳ ሲያጎርሱ ሱሪያቸው ከካልሲው በላይ ከፍ ብሏል። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ እንደ አምባር የዞረ የጠቆረ፣ ደርቆ የሚያብለጨልጭ ቆዳ አለ። አልቆሰለም፤ ግን ያው ነው። ይህን እግር ከልጅነቷ ጀምሮ አጥባው አታውቅም፤ የሌሎች ልጆች ያባታቸውን እግር ሲያጥቡ፣ የሷ አባት ሁልጊዜ ለብቻቸው ነበር የሚታጠቡት። ጎርሰው የጨረሱት እንግዳ ቀና ሲሉ አባቷ ሳያዩ እጃቸውን ልከው ሱሪውን ወደ ታች ሳቡት።

ጓዳው ይሞቃል። ቆርቆሮው የቀትሩን ፀሐይ ወደ ውስጥ ይጥለዋል፤ የሩዙ ገለባ ብናኝ አንገቷን ያሳክካታል። ሽንቷ ከመጣ ቆይቷል፤ ሽንት ቤቱ ግን ከእልፍኙ በር ትይዩ፣ ከግቢው ጥግ ነው፤ የሞተ ሰው በዚያ አያልፍም። እግሯን ከበርጩማው ስታወርደው ይጠዘጥዛታል፣ ስትሰቅለው ይደነዝዛል። ትርሲት ጠላ ልትቀዳ የገባችው ይኼኔ ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ዓይኗን ኩል አጥልቀው ስለ ኳሏት ንጣቱ ይሁን ብጫው አይለይም። በሩን በጀርባዋ ዘግታ ማሰሮውን ታቅፋ ቆመች።

«ሰምተሻል?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰምቻለሁ።»

«አምልጧቸው ነው እኮ። ወንዛዬ ናት ቢሉ፣ ምን ሆና ይሏቸዋል። ምን ሆና ሲሏቸው…»

«አውቃለሁ። ዓይንሽን አሳይኝ እስኪ።»

«ተይ፣ ኩሉ ይበላሻል።»

«ሐኪሟ አንችንም አምጫት ብላኛለች። ስታረግዥ ደም ያንስሻል። የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ውድ አይደለም፤ ግን ማወቅ…»

«ዛሬ አትንገሪኝ አልጣሽ። ሙች፣ ዛሬ አትንገሪኝ። ነገ ትነግሪኛለሽ።»

«ነገማ ሬሳ ነኝ።»

ትርሲት ሳቋ አመለጣት፤ ማሰሮውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው አፏን አፈነች። ሳቁ ሳያልቅ እንባ ሆነ፤ ኩሉ በጉንጯ ወረደ። «ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» አለች፤ በነጠላዋ ጫፍ እየጠራረገች። አልጣሽ ተነሥታ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጉንጯን አጠራችላት፤ ኩሉን ከሥሩ አስተካከለችላት። በቅርብ ስታየው ብጫነቱ ግልጽ ነበር፤ የራሷን ዓይን በመስታወት ያየች ያህል ነው የሆነባት። ትርሲት ጠላውን ቀድታ ስትወጣ በእልፍኙ «እሰይ፣ መጣች» የሚል የወንዶች ድምፅ ተቀበላት። አልጣሽ ተመልሳ ተቀመጠችና ወሰነች። ዝም ልትል። እኅቷ ትዳር ይዛ፣ ወልዳ፣ ሰው ሆና እስክትቆም ድረስ ወንዛዬም ሌላም አገር ትኖራለች። ክኒኑን በሰው እጅ ትልካለች፤ ከማን እንደ መጣ ባይታወቅስ።

ነገሩ አለቀ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። መምሬ ገብረማርያም መርቀው ሲወጡ በራፉ ላይ «የሟቿንም ስም በይፋግ ቤተ ክርስቲያናችን እናስጠራዋለን» አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው፤ አባቷም «እግዜር ያክብርልን» ብለው እስከ መንገዱ ሸኟቸው። አልጣሽ ይኼኔ ነው ሮጣ ሽንት ቤት የደረሰችው። ስትመለስ አባቷ ጓዳው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። አልፋቸው ገባች። እሳቸው አልገቡም፤ አንድ እግራቸውን ብቻ ወደ ውስጥ አደረጉ።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ» አለች፤ አልበላችም።

«ዓይን ያዝ ሲያደርግ ባጃጅ እጠራለሁ። ስንቅሽን እናትሽ ታሰናዳለች።»

«እስከ መቼ ነው አባየ?»

«እስከ ሠርጉ።»

«ከሠርጉ በኋላስ?»

አባቷ የበሩን መቃን በጥፍራቸው ይልጡ ጀመር። ከሠርጉ በኋላ ዘመድ ይገባል ይወጣል፤ በዓል አለ፣ ክርስትና አለ፤ ሁሉም የጸለየላትን ሴት በር ላይ ያገኛታል። ይህን እሳቸውም ያውቁታል፤ እሷም እንደሚያውቁት ታውቃለች።

«ለቀዶ ጥገናው ቤተሰብ ይዘሽ ነይ ነው የተባልሁት» አለች። «የሚያስታምም፣ ደም የሚሰጥ። ሬሳን ማን ያስታምማል?»

«በዘሬ የለም ብየ ምያለሁ» አሉ አባቷ፤ ለሌላ ጥያቄ የመለሱ ይመስል። «ቅስና ያለው ሰው ፊት።»

«ሐኪሟ ከእናትሽ ነው ካባትሽ ብላኝ ነበር።» ዓይኗን ወደ እግራቸው ሰደደች። እሳቸውም ተከትለው አዩ። እግራቸውን ከጓዳው አወጡት።

«ምን አልሻት?»

«አላውቅም አልኋት።»

የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዳዊት የሚደግሙ ይመስላሉ። በመጨረሻ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሏት፤ ልክ ውለታ የዋለላቸውን የሩቅ ሰው እንደሚያመሰግኑ።

ከውጭ «መሪጌታ! ቤት አሉ?» የሚል ድምፅ ሰሙ። አባቷ በሩን ዘግተውባት ወጡ።

የመጣው አቶ ብሥራት ነው፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ባጃጅ ሲጠብቁ ጥላው ሥር ቆመው ለስላሳ ጠጥተዋል፤ ሲከፍሉም መምሬ ገብረማርያም እንደ ጨዋ ሰው «ለሰፈሩም እግዜር ያጥናችሁ፤ የመሪጌታን ልጅ ነገር ዛሬ ሰማን» ብለውታል። አቶ ብሥራት ጠርሙሱን በእጁ እንደ ያዘ ነው የተሻገረው። ከኋላው ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ቆመዋል።

«ምን በደልን?» አለ። አልተቆጣም፤ ሆድ ብሶት ነው። «ድንኳን የለን? ብረት ድስት የለን? እርስዎ የስንቱን ሬሳ ያሳረፉ ሰው፣ ልጅዎ ሞታ ከሰው ደብቀው ይቀብራሉ? አልጣሽ የማን ልጅ ነች? እዚህ ሱቅ ደጃፍ እየዳኸች ነው ያደገች።»

«የሩቅ አገር ሆነና…» አሉ አባቷ።

«ወንዛዬ ሩቅ ሆነ? ሬሳ እኮ ከአሜሪካ ይመጣል። እድሩ ቢቀር እኔ አልመጣም ነበር? ቀባሪ አጥታ በሰው አገር…» አቶ ብሥራት ድምፁ ተሰበረ። «ይቅር። የሞተ አይመለስም። ለቅሶዋ ግን እዚሁ ይለቀሳል።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልጣሽ በስንጥቁና በተከፈተው የእልፍኝ በር አሻግራ አባቷ አፋቸውን ሲከፍቱ አየች። መምሬ ገብረማርያም አጠገባቸው ቆመዋል፤ የመሐላው መስቀል ደረታቸው ላይ ነው። አፉ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ጡሩምባው ተነፋ። የጡሩምባ ነፊው ድምፅ ከመናኸሪያው ጀምሮ እየቀረበ መጣ፤ «የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ልጅ አልጣሽ አርፋለችና ድረሱ» ይላል። ባጃጆች ቀስ እያሉ ሲያልፉት፣ እሱም ለእያንዳንዱ ሰፈር ሲደግመው፣ ስሟ በወረታ መንገድ ሁሉ ሄደ። በሕይወቷ ያን ያህል ሰው ስሟን ጠርቶት አያውቅም።

ድንኳኑ ከደጃፉ እስከ መንገዱ ተተከለ። እንጨቱ ሲመታ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሲጎተት፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በጩኸት ሲገቡ ጓዳው ድረስ ተሰማ። እልፍኙ በሴት ሞላ። አልጣሽ ጆንያዎቹ ኋላ ገባች፤ ብረት ድስት ፍለጋ አንዷ በሩን ብትከፍትስ ብላ። ጎረቤቷ ሰርክ ከሁሉም በላይ ታለቅሳለች። «ደግ ልጅ፣ እጇ የተባረከ» ትላለች። ይች ሰርክ ባለፈው ክረምት አልጣሽ ያቀበለቻትን ሽሮ ደጅ ወጥታ ለውሻ የደፋች ናት። ሌላዋ «እኔ አምናት ነበር፤ ምሥጢሬን ሁሉ የምታውቅ» ትላለች፤ ያችም ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ስትቆም ቦታ ቀይራለች። አልጣሽ አልተናደደችም። ውሸታቸው እንዳልሆነ ገብቷታል። አሁን ያዝናሉ፤ ከሬሳ በሽታ አይጋባም። ይልቅ የባሰባት የትርሲት ለቅሶ ነው። ትርሲት መጀመሪያ ለሰው ዓይን ነበር ያለቀሰችው፤ ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እኅቴ» ስትል እውነቷን ነው። ዛሬ ያጣችውን እያወቀችው ነበር።

ደብሬ ብቻ አላለቀሰችም። ከጧት ጀምሮ ምንም ቃል ከአፏ አልወጣም። ለእንግዳ ስታቀርብ፣ ለሽማግሌ ስታጎነብስ፣ ድንኳኑ ሲተከል፣ ሁሉንም እንደ ታዘዘች አድርጋለች። አሁን መካከል ላይ፣ ለእናት በሚሰጠው ቦታ አስቀምጠዋታል። ጀርባዋን ለበሩ፣ ፊቷን ለጓዳው ግድግዳ አድርጋ ነው የተቀመጠችው። አልጣሽ ከጆንያው ኋላ ወጥታ ዓይኗን ስንጥቁ ላይ ብታደርግ የእናቷ ዓይን እዚያው ነው፤ ደረቅ፣ የማይንቀሳቀስ። በስንጥቁ ምን ያህል ታያት እንደሆነ አላወቀችም።

«አልቅሽ እንጂ እትየ ደብሬ» አለች አንዷ። «ይውጣልሽ።»

«ደርቃለች፤ ሐዘን በውስጧ ቀርቶ ነው። ይገላታል።»

አባቷ ከድንኳኑ በር ላይ ተጠርተው መጡ፤ ከኋላቸው መምሬ ገብረማርያም አሉ። ሰርክ ደብሬን በሁለት ትከሻዋ ያዘቻት። «ስሟን ጥሪ» አለቻት። «እናት የልጇን ስም ካልጠራች ሆዷ አይከፈትም። እኛ ጠራናት፣ ጡሩምባው ጠራት፤ አንች ብቻ ነሽ የቀረሽ። ጥሪያት እማ።»

ሴቶቹ የእናት ጩኸት እስኪሰማ ጸጥ አሉ። ትርሲት ቀና አለች። ከጓዳው በር ጋር ዓይኗ ተገናኘና ቶሎ ሸሸ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ፤ እንዳትወጭ የሚል ይሁን ነይ የሚል አልጣሽ መለየት አልቻለችም። ወስና ነበር። ጥርሷን ነክሳ ጆንያውን ያዘች።

ደብሬ አልጮኸችም። ደረቷን አልመታችም። ውኃ ቅጅልኝ፣ እሳቱን እይልኝ ስትል እንደምትጠራት፣ ባልከፋውም ባልለዘበውም በዚያ በድሮው ድምፅዋ፣ ግድግዳውን እያየች ጠራቻት።

«አልጣሽ።»

ሴቶቹ ለቅሶውን ሊቀበሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የሚቀበሉት ዜማ አልነበረም። አባቷ «ደብሬ» አሉ፤ ቀስ ብለው፤ እንደሚለምን ሰው። እሷ ዞራም አላየቻቸው። ደግማ ጠራች፤ አሁን ትንሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ልጅዋ የዘገየችባት እናት ሆና።

«አንች አልጣሽ።»

«አቤት እማየ» አለች አልጣሽ፤ የጓዳውንም በር ከፈተችው።